ከተማዋ በወረደችበት ቁልቁለት

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። የሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ መደብሮች ገና አልተከፈቱም፤ ታክሲ ተራው ግን ደርቷል። «እንጦጦ! አንድ ሰው የሞላ!» ይላል ረዳቱ፣ ውስጥ የሦስት ሰው ቦታ እያለ። ወረፋው ላይ ሁለት ዓይነት ተሳፋሪ ቆሟል። አንደኛው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚወጣው ነው። ሌላው ቱታና ስኒከር አድርጎ፣ በጀርባ ቦርሳው ቆሎና ውሃ ሸክፎ፣ ስንት እርምጃ እንደተራመደ ስልኩን የሚያስቆጥረው ነው። ታክሲ መጠበቅ የሰለቻቸው ደግሞ የአስፋልቱን ጥግ ይዘው ዳገቱን በእግራቸው ተያይዘውታል።

አዲስ አበቤ «ወጣ ብለን እንምጣ» ሲል ልቡ የሚሮጠው ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ነው። የገዛ ከተማውን በሥራ ቀን በታክሲ መስኮት ያያታል፣ በበዓል ቀን ይሸሻታል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ። የሚያስቆጨው፣ ከተማዋ ለእግረኛ የተሰናዳ የሚመስል ታሪክ ያላት መሆኗ ነው። አዲስ አበባ ተራራ ላይ ተጀምራ ወደ ሜዳ የወረደች ናት። ከእንጦጦ ማርያም ተነስቶ ቁልቁል ወደ ፍል ውሃ የሚሄድ ሰው፣ ከተማዋ ራሷ የተጓዘችበትን መንገድ በተጓዘችበት አቅጣጫ ይደግማል። በቀጥታ ሲለካ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ 700 ሜትር ያህል። አንድ ቀን ይበቃል።

ለመውረድ ግን መጀመሪያ መውጣት ያስፈልጋል።

የእንጦጦ ሰንሰለት ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሲሶ ያህል ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ሽሮ ሜዳ ላይ በሞቀ ወሬ የተነሳ ቡድን እኩሌታው መንገድ ላይ ሲደርስ ድምፁ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ለሯጮች ይኸው ጉድለት ሀብት ሆኗል፤ ሰውነት የጎደለውን ለማካካስ ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ ብዙ ታላላቅ አትሌቶች በዚህ ጫካ ልምምድ ሠርተዋል። ዛሬም ማለዳ ላይ በዛፎቹ መካከል በአንድ ረድፍ ተከታትለው፣ ቀኝና ግራ እየተጠማዘዙ የሚሮጡ ወጣቶች ይታያሉ። መሪው በታጠፈበት ሁሉም ይታጠፋል፤ ሥርና ድንጋይ እንዳያደናቅፋቸው ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ለመዝናናት የመጣ ሰው መንገድ ቢለቅላቸው ደግ ነው። እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።

ሥራ ላይ ያሉ ሌሎችም አሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንብሰው የሚወርዱት ሴቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የዚህ ቁልቁለት ቋሚ ተጓዦች ናቸው። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። የከተማዋ ምጣድ ለዘመናት የጋለው በእነሱ ጀርባ ነው። ከመካከላቸው በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና የዞሩ፣ ስካርፍና ነጠላ ሠርተው የሚሸጡም አሉ። አብዛኛው ጎብኚ ግን ፎቶ አንስቷቸው ያልፋል፤ ሰላምታ የሚሰጣቸው ጥቂት ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ተራራውን ለቤተሰብ አቅርቦታል። የተነጠፈ የእግር መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ፈረስ ግልቢያ፣ በገመድ ላይ የሚንሸራተቱበት ዚፕላይን፣ ቡና የሚጠጣባቸው ቤቶች አሉት። ልጆች ፈረሱን፣ ወላጆች ቡናውን ይወዱታል። ነገር ግን ተራራውን በቅጡ ማየት የፈለገ ሰው ከፓርኩ ንጣፍ ወጥቶ ጥቂት በጠርዙ ላይ ቢራመድ ይሻለዋል። ወደ ደቡብ ሲዞር ከተማዋ እስከ የረር ተራራ ድረስ ተዘርግታ ትታያለች። ወደ ሰሜን ሲዞር የሱሉልታ ሜዳ አለ። ይህ ጠርዝ የውሃ ድንበር ነው፤ በደቡቡ ገጽ የወረደ ዝናብ በቀበና፣ በቀጨኔና በሌሎቹ የከተማዋ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ሐይቆች ይቀራል። በሰሜኑ ገጽ የወረደው ግን በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ ሜድትራንያን ይደርሳል። በክረምት ጃንጥላ ይዞ እዚያ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው በአንዱ ትከሻው ወደ አሳይታ፣ በሌላው ወደ ካይሮ እያንጠባጠበ ነው።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ እዚህ የሰፈሩት ለእይታው ውበት አልነበረም። ዙሪያውን አሻግሮ የሚያሳይ ከፍታ ለጦር ሰው ይመቻል። በእንጦጦ ማርያም አጠገብ የሚገኘው የያኔው ቤተ መንግሥት ዛሬም ይጎበኛል፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በኖራ የተለሰነ፣ የሣር ክዳን ያለው ቤት ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል እብነ በረድ የጠበቀ ጎብኚ ግራ ይጋባል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ በማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በ1882 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግን መውረዱ ተጀምሮ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ጋቢ ሳይዙ አንድ ማለዳ እንጦጦ ላይ መቆየት ይበቃል። ብርዱ አጥንት ይፈትሻል፣ ነፋሱ አያርፍም፣ ማገዶም እያለቀ ሄደ። ከሥር ደግሞ ፊንፊኔ ነበረች፤ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ያላት ለምለም ሜዳ። እቴጌ ጣይቱ ለመታጠብ ይወርዱ ነበር፤ ቦታውን ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። መኳንንቱ በየጉብታው መሬት ተመሩ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ድንኳኑ ጎጆ፣ ጎጆው ሰፈር ሆነ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ፈለግ ናቸው። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የሚኖሩበት፣ ከብት የሚያጠጡበትና የሚያመሰግኑበት ምድር ነበር፤ የከተማዋ መስፋት እነሱን ከመሬታቸው እየገፋ ነው የሄደው። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሆራ ፊንፊኔ ኢሬቻ ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ ዳግም በከተማዋ ሲከበር፣ ለምለም ሣርና አበባ የያዘው ሕዝብ የተሰበሰበው ይህንን ታሪክ ይዞ ነው።

ከተማዋ ሜዳውንም ልትለቅ ተቃርባ ነበር። የሕዝቡ ብዛት በዙሪያው ያለውን ጥድና ወይራ ጨርሶት ማገዶ ከሩቅ መምጣት ጀመረ። እንደ ቀድሞዎቹ ተንቀሳቃሽ መናገሻዎች ሁሉ መፍትሔው መሄድ መሰለ፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት ተጀመረ። ከተማዋን በቦታዋ ያስቀራት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። ምኒልክ ተከላውን አበረታቱ፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንጦጦን የሚያለብሰው ያ ሽታው አፍንጫ የሚከፍት ዛፍ ባይኖር ኖሮ መናገሻው ምናልባት ሌላ ቦታ በሆነ።

ባለውለታው ዛፍ ዕዳም አምጥቷል። ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አያስጠጋም። የቀድሞው ደን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚሻ ሰው ከእንጦጦ በስተምዕራብ ወዳለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጎራ ይበል። ከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል ከ700 ሔክታር በላይ ስፋት አለው፤ ባሕር ዛፉ ቀስ በቀስ እየተነሳ በጥድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች ይተካል። ከእንጦጦ ፓርክ ይልቅ ጭር ያለ ነው። ወፍ ለማየት፣ ልጅን የዛፍ ስም ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማዋ ማግኘት ይከብዳል።

ቁልቁለቱ ሲጀመር ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ረፋዱ ላይ ሽሮ ሜዳ ሲደረስ ማለዳ ተዘግተው የነበሩት መደብሮች ጥለት በጥለት ሆነዋል። ነጩ ፈትል እዚህ ድረስ የመጣው ከጋሞ ደጋ ከፈለሱ ሸማኔዎች ጋር ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በመንደሩ የሄደ ሰው የመወርወሪያውን ድምፅ ይሰማል፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሲሠራም ያያል። ለሠርግ የሚለበሰውን ቀሚስ ዋጋ ለመከራከር የሚመጣው ደንበኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመደብሩ አያልፍም።

ወደ ስድስት ኪሎ ሳይደረስ በስተግራ ጃን ሜዳ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በከተማዋ ውስጥ ስፖርትና ቅርስ አንድ ሣር የሚጋሩበት እንደ ጃን ሜዳ ያለ ቦታ የለም። የንጉሣዊው ዘመን ሰልፍና የፈረስ እሽቅድምድም እዚህ ተካሂዷል። አገር አቋራጭ ሩጫ ይካሄድበታል፤ በገና ሰሞን በተቆለመመ ዱላ ጥንጓን የሚያባርሩ ሰዎች ይጋፉበታል። ጥር 10 ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ለታቦታቱ ይለቀቃል፤ ከየአድባራቱ ወርደው በድንኳን ያድራሉ፤ ሌሊቱን ማሕሌትና ጸሎት፣ ማለዳውን የጥምቀተ ባሕሩ ውሃ። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በዚያው ዓመት ኮሮና ሲመጣ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚሁ ሜዳ ተዛወረ፤ ወራት ሙሉ ጎመንና ሽንኩርት የተራገፈበት መሬት ለቀጣዩ ጥምቀት ሲደርስ ተጠርጎ ተመለሰ። በተራ ቅዳሜ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የሰፈር ኳስ ነው። ለመመልከት ክፍያ የለውም፤ ዳኛውን መሳደብም እንዲሁ።

ስድስት ኪሎ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ የኖሩበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተረሸኑት እዚሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት። አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኝበት ሲሆን የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይጎበኛል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማይወስድ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ፋሽስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን በደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ነው፤ ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ማፍረስ ይቻል ነበር። አንበሳውን ማስቀመጥ ግን የበለጠ ቀልድ አዋቂነት ነው።

በዚሁ ግቢ ነበር አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት። ፋሽስቱ የተበቀለው የከተማዋን ሕዝብ ነው፤ ጭፍጨፋው ሦስት ቀን ቆየ፤ በኢትዮጵያ በኩል የሟቾቹ ቁጥር 30 ሺህ ተብሎ ይነገራል። አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት የእነዚያ ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። ዙሪያው ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ማንበብ አይቻልም፤ መውረድ፣ መቆም፣ መዞር ይጠይቃል።

አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም የታወቀ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ድንቅነሽን ብዙ አዲስ አበቤ በትምህርት ቤት ጉብኝት አይቷታል። ላላየ ግን መንገዱ ላይ ናት።

ከአራት ኪሎ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ፒያሳ ይደርሳል፤ ጉዞው የሚከብደውም እዚህ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዓድዋ ድል በኋላ የታነጸ ባለ ስምንት ማዕዘን ካቴድራል ነው፤ ፋሽስቶች አቃጥለውት ታድሷል፤ ንግሥት ዘውዲቱም አፄ ኃይለ ሥላሴም የነገሡበት ነው። ከፊቱ ምኒልክ በፈረስ ላይ ናቸው፤ ሐውልቱን ጣሊያኖች ነቅለውት ከድል በኋላ ተመልሶ ቆሟል። ከዚያ ማዶ በ2016 ዓ.ም. የካቲት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ነባር ሰፈሮች ፈረሱ። የአርመን፣ የግሪክ፣ የህንድና የየመን ነጋዴዎች አሻራ የነበረባቸው የእንጨት ሰገነቶችና ጠባብ ሱቆች ያሏቸው መንገዶች መልካቸው ተለወጠ።

ለእግረኛ ሲታይ ትርፉ ግልጽ ነው፤ ሰፊ የእግር መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የማታ መብራት አለ። ቀድሞ ጭቃና መኪና እየዘለለ ይሄድ የነበረ ሰው ይህን አይክድም። ኪሳራውን ግን የሚያውቀው መንገዱን በምልክት ሳይሆን በትዝታ የሚመራው ሰው ነው፤ «ከእንትና ኬክ ቤት ጀርባ» ብሎ ሲያሳይ ጀርባም ፊትም የለም። መንገድ ለማስፋት ብዙ ከተሞች ያፈርሳሉ። ፒያሳ ላይ ከፈረሰው ቢያንስ ጥቂቱ ለእግር ጉዞ ራሱ ሰበብ የነበረ መሆኑ ነው ጥያቄውን የሚያከብደው። ከቆሙት መካከል የጣይቱ ሆቴል አለ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ። በ2007 ዓ.ም. ጥር እሳት ከፊሉን ጎድቶታል፤ የእንጨት ደረጃው አሁንም ከእግር በታች ያንቋቋል። ለምሳ የሚቀርበው የጾም ምግብ ከእንጦጦ የወረደን ሆድ ያስታግሳል።

ከምሳ በኋላ ወደ ቁልቁለቱ መመለስ ነው። በአራት ኪሎ በኩል የሚያልፈው መንገድ የምኒልክን ግቢ ይታከካል። ለብዙ ዓመታት በዚያ አጥር ሥር ቆሞ ማየት እንኳ ያስጠይቅ ነበር፤ ነዋሪው እዚያ ሲደርስ እርምጃውን ማፍጠን ልማድ አድርጎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ ተብሎ ከፊሉ ሲከፈት የግብር አዳራሹን፣ እንቁላል ቤትንና ጥቁር ጎፈር አንበሶችን ሕዝብ ገብቶ አየ። መግቢያው ለቤተሰብ ርካሽ አይደለም፤ ነገር ግን እንጦጦ ላይ ያለውን የጭቃ ቤት ጠዋት አይቶ እዚህ ለሚገባ ሰው ልዩነቱ ይታየዋል። በጥቂት ዓመታት ልዩነት የአንድ ንጉሥ ቤት ምን ያህል እንዳደገ በገዛ እግሩ ለክቶታል።

ከግቢው ሥር ፍል ውሃ ነው። እቴጌይቱን ያስወረደው ውሃ ዛሬም ከመሬት ይፈልቃል፣ ዛሬም ይታጠቡበታል። ሳሙናና ፎጣ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት አብዛኞቹ ስለ 1879 ዓ.ም. አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ ወገብ ሕመም ነው። ከዳገት የወረደ እግርም እዚያ ወረፋ ላይ እንግዳ አይሆንም።

ለእሁድ የቀረ ጉልበት ያለው ሰው መስቀል አደባባይን ይሞክር። ማለዳ ላይ የአደባባዩ ደረጃዎች ላይ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ የሚሮጡ፣ ገመድ የሚዘሉ፣ በክብ ሆነው ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ይሞሉታል። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚባሉት እሁዶች ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለሕፃናት ብስክሌት፣ ለኳስና ለሸርተቴ ጫማ ተለቀው ታይተዋል። ከዚያም ኅዳር አለ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. 10 ሺህ ሰው ይዞ ሲጀመር አሸናፊው ራሱ ኃይሌ ነበር፤ ዛሬ ተሳታፊው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ከፊት ያሉት ጥቂቶቹ የምር ይወዳደራሉ። ከኋላ ያለው ሕዝብ ሩጫውን ከዘፈንና ከጭፈራ ጋር ቀላቅሎ፣ በየመንገዱ ዳር ውሃ ከሚረጭለት የሰፈር ልጅ ጋር እየተቃለደ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ምንም ሳይቸኩል ይገባል።